ለሁሉም የሚሆን ባሩድ፦ ጥይት ቤታቸው ለሚሞሉ የተጻፈ ዳሰሳ

አሜሪካ ውስጥ የአደንና የተኩስ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ የባሩድ መደርደሪያ ፊት የቆመ ጀማሪ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ለሁሉም የሚሆነኝ የቱ ነው?» የተደረደሩት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አንዱ ከአንዱ የሚለዩት በቁጥርና በወረቀታቸው ቀለም ነው። ባሩዶችን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው እያሰለፈ የሚታተመው ሠንጠረዥ ከመቶ በላይ ዓይነት ይዘረዝራል። ሻጩን ቢጠይቁት ራሱ የሚጠቀምበትን ይነግራል። ተራ የሚጠብቅ ሽማግሌ ደግሞ «ዩኒክ እያለ ሌላ ምን ያደርጋል!» ብሎ የሚወደውን ባሩድ ስም ጠርቶ ጣልቃ ይገባል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን ሁለቱም የመለሱት የየራሳቸውን ጠመንጃ ጥያቄ ነው።

ስለ ሁለገብ ባሩድ ሲወራ ክርክሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው ባሩዱ በሚቃጠልበት ፍጥነት ላይ ነው። በእኔ እምነት ፍጥነት ምርጫውን ያስጀምራል እንጂ አይጨርሰውም። አንድን ባሩድ ሁለገብ የሚያሰኘው የሚሞላው ሰው ቢሳሳት ስህተቱ ቃታ ሳይሳብ በዓይን መታየቱ፣ ለብዙ ዓይነት ጥይት የተፈተነ መጠን ታትሞለት መገኘቱና የዛሬ ዓመትም ሱቅ ውስጥ መኖሩ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ በፍጥነቱ የተመሰገነ ባሩድም ቢሆን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላስቀድም። በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ሰው ለራሱ መተኮሻ ጥይት ቢሞላ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን የአምራችነት ፈቃድ ግዴታ ነው፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚመራ፣ አገር ቤት ያለ አንባቢ ይህን ለማወቅ ያህል ያንብበው እንጂ ለሥራ አይያዘው። ሁለተኛው፣ ለየትኛው ጥይት ስንት ግሬን ባሩድ እንደሚገባ እዚህ አልጽፍም። ያ ከአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚወሰድ ነገር ነው፤ ከጓደኛም ከመጽሔትም አይወሰድም። ከአዋጁ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምርጫ ያልነበረበት ዘመን

በጥቁር ባሩድ ዘመን «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ነበር። ለሽጉጡም፣ ለጠመንጃውም፣ ለመድፉም ቅመሙ ያው ነበር፤ የሚለየው የቅንጣቱ ትልቅነትና ትንሽነት ብቻ ነው። ባሩድ መቀመም በአገራችንም የቆየ ሙያ ነበር። በምኒልክ ዘመን በብዛት የገባው ውጅግራ፣ ማለትም የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ፣ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ የተሞላ 11 ሚሊሜትር ጥይት ነበር። ጥይቱም ከጦር መሣሪያነቱ አልፎ በብዙ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው መመንዘሪያ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል።

የዚያ ባሩድ ትልቁ ጸጋ በስፍር መሞላቱ ነው። ቀለሁ እስኪሞላ ይጨመራል፣ አረሩ ከላይ ይጫናል፣ አለቀ። ጉልበቱ ዝቅተኛ ስለሆነና ቀለሁን ስለሚሞላው ሁለት እጥፍ ልቅዳ ቢባል እንኳ ቦታ የለም። ሁለገብነትና ደኅንነት አንድ ላይ የሄዱበት ጊዜ ነበር፤ ጭሱና ዝገቱ ግን ቀላል ዋጋ አልነበሩም።

በ1884 ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፖል ቪየይ ከናይትሮሴሉሎስ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ፈረንሳይም ለዚሁ ባሩድ የተሠራውን የ1886 ሞዴል ለቤል ጠመንጃ ለሠራዊቷ አደለች። በ1887 አልፍሬድ ኖቤል ናይትሮግሊሰሪን የተጨመረበትን ባሊስታይት ይዞ ብቅ አለ፤ እንግሊዞችም በኮርዳይት ተከተሉ። አዲሱ ባሩድ በክብደት ሲነጻጸር ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ጉልበት አለው። ስለዚህ ቀለህን እስከ አፉ መሙላት የለመደ እጅ አዲሱን ባሩድ በአሮጌው ስፍር ሲቀዳ ጠመንጃው ይበጣጠሳል። «ለሁሉም የሚሆን ባሩድ» የሚለው ጥያቄ ከባድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለምን አንድ ብቻ አይበቃም?

ባሩድ ጠመንጃ ውስጥ ሥራው መቃጠል ነው። ሲቃጠል ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙ ይገፋል፣ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር መቃጠሉም ይፈጥናል። የሽጉጥ ባሩድ ቅንጣት ቀጭን ጠፍጣፋ ስለሆነ ወዲያው ነዶ ያልቃል። የረጅም ጠመንጃ ባሩድ ግን ብዙውን ጊዜ ወፍራም፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው አጭር እንጨት መሳይ ነው፤ ላዩም መጀመሪያ ላይ እንዳይጣደፍ በሚያዘገይ ቅመም ተለብጧል። ሰንጠረዡ ላይ «ፈጣን» እና «ዘገምተኛ» የሚባሉት በዚህ ነው።

ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም። በትልቅ ቀለህ ውስጥ፣ ከከባድ አረር ጀርባ፣ የሽጉጥ ባሩድ ቢሞላ አረሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ ሰማይ ይነካል። በተቃራኒው ዘገምተኛው ባሩድ አጭር ሽጉጥ ውስጥ ቢገባ በቂ ግፊት ስለማያገኝ ግማሹ ሳይነድ ይቀራል፤ በቱቦው ውስጥ ቢጫ ፍርፋሪ ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካው የጥይት ደረጃ አውጪ ድርጅት ሳሚ ለ.38 ስፔሻል የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በስኩዌር ኢንች 17,000 ፓውንድ ነው፤ ለ.308 ዊንቸስተር 62,000 ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በአግባቡ የሚሸፍን አንድ ባሩድ የለም። በዩኒክ ለረጅም ጠመንጃ ቀላል የእርሳስ አረር የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ መጽሐፉም ይፈቅድላቸዋል። ያ ግን ለልምምድ ያህል ነው እንጂ አጋዘን አይጣልበትም።

እንግዲህ በቁም ነገር ሲታይ ጥያቄው «አንዱ የቱ ነው?» ሳይሆን «ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?» ነው። አንድ ለሽጉጥ፣ አንድ ለረጅም ጠመንጃ። የማግነም ሽጉጥ ያለው ሰው ሦስተኛ ይጨምራል።

ለሽጉጥና ለሾትገን

ሽማግሌው ያነሳው ዩኒክ ላፍሊን ኤንድ ራንድ የተባለ ኩባንያ በ1900 ገደማ፣ ከአድዋ ድል አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ለገበያ ያቀረበው ነው። ዱፖንት ኩባንያውን በ1902 ጠቀለለው። የዱፖንት ሞኖፖሊ በፍርድ ቤት ውሳኔ ሲበተን ዩኒክ በ1912 ለተቋቋመው ሄርኩሊስ ደረሰ፤ የሄርኩሊስ የባሩድ ክፍልም በ1995 ወደ አሊያንት እጅ ገባ። ባለቤቶቹ ቢፈራረቁም ባሩዱ ዘልቋል። ሲመረት የቆየው ቨርጂኒያ ራድፎርድ ባለው የሠራዊቱ ፋብሪካ ሲሆን፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር አበሻ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

የዩኒክ ደጋፊዎች የሚሉት እውነት ነው። ለ.38 ስፔሻል፣ ለ9 ሚሊሜትር፣ ለ.45 ኤሲፒ፣ ለ.44 ስፔሻል፣ ርሽ ለሚተኩሰው ባለ 12 ሾትገንም የታተመ መጠን አለው። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ፈተና ያለው ባሩድ ጥቂት ነው። ነቃፊዎቹም አልተሳሳቱም፤ ጥላሸት ይተዋል፣ ቅንጣቱ ትልልቅ ጠፍጣፋ ስለሆነ በእጀታ በሚንቀሳቀሰው የባሩድ መስፈሪያ ውስጥ ድልድይ እየሠራ አንዴ ይጎድላል፣ አንዴ ይተርፋል። እጀታውን ሁልጊዜ በእኩል ጉልበትና በእኩል ፍጥነት የሚያወርድ ሰው ችግሩን ያቃልለዋል፤ አያጠፋውም።

እኔ ዩኒክን የምወድለት ግን ሌላ ነገር አለው፤ ለክብደቱ ብዙ ቦታ ይይዛል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት የ.38 ስፔሻልን ቀለህ መመልከት ይበቃል። ይህ ቀለህ የጥቁር ባሩድ ዘመን ልጅ ነው፤ ረጅምና ሰፊ ሆኖ የተሠራው ያንን ብዙ ባሩድ እንዲይዝ ነበር። ዛሬ እንደ ቡልስአይ ወይም ታይትግሩፕ ያለ ፈጣንና እፍግ ያለ ባሩድ ሲቀዳበት መጠኑ ከሥሩ ብቻ ትንሽ ጥቁር ክብ ሆኖ ይቀመጣል። በስህተት ሁለት ጊዜ ቢቀዳ እንኳ ቀለሁ ገና ግማሽ አይሞላም፤ አረሩ ምንም ሳይከለክለው ይገባል። ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም። የሚታወቀው ሽጉጡ ሲሰነጠቅ ነው። ዩኒክ በዚሁ ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢቀዳ ወደ አፉ ተጠግቶ ዓይን ይመታል፤ አነስ ባለው በ9 ሚሊሜትር ቀለህ ደግሞ ሞልቶ ይፈሳል።

ጠንቃቃ ሰው ሃምሳውን ቀለህ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰድርና አረር ከመጫኑ በፊት የእጅ ባትሪ አብርቶ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ያያል። የሚፈልገው ቁጥር ሳይሆን ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን ነው። ባዶ የቀረም ቀለህ አደገኛ ነው፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱል ብቻውን አረሩን ገፍቶ ቱቦው መሐል ይተወዋል፣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ይመጣበታል። ይህን ማየት ልማድ ላደረገ ሰው ታይትግሩፕም ጥሩ ባሩድ ነው፤ ትንሽ ስለሚበቃው ይቆጥባል፣ ቀለሁ ውስጥ የትም ቢተኛ የሚሰጠው ፍጥነት ብዙ አይለዋወጥም። ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ሾትገን የማይተኩስ፣ ሽጉጥ ብቻ ያለው ሰው ከኔ ምክር ቢጠይቅ ዊንቸስተር 231 እለዋለሁ። መስፈሪያው ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ይወርዳል፣ ከዩኒክ የጸዳ ነው፣ ለተለመዱት የሽጉጥ ጥይቶች ሁሉ መጠኑ ታትሟል። ቦታ የሚይዘው ከዩኒክ ያነሰ ስለሆነ ባትሪዋ አትቀርም።

በዋጋ በኩል የሚባክነው ጭንቀት ብዙ ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ለሒሳብ ያህል አንድ የሽጉጥ ጥይት 5 ግሬን ቢወስድ ከአንድ ጠርሙስ 1,400 ጥይት ይወጣል። በሁለት የሽጉጥ ባሩዶች መካከል የአሥር ዶላር ልዩነት ቢኖር በአንድ ጥይት ላይ አንድ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ካፕሱሉና አረሩ ከባሩዱ ይልቅ ኪስ ይጎዳሉ። በረጅም ጠመንጃ ግን ለአንዱ ጥይት 45 ግሬን ቢያስፈልግ ጠርሙሱ የሚያወጣው 155 ጥይት ብቻ ነው፤ እዚያ ዋጋ ማወዳደር ትርጉም አለው።

የማግነም ሽጉጦችን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣው 2400 የተባለ ባሩድ ከፍ ዝቅ ለማድረግ ይመቻል፤ ለ.357ም ለ.44ም ይሆናል። ኤች 110 የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገር ግን አምራቹ ራሱ ከታተመው መጠን እምብዛም ዝቅ እንዳይደረግ ያስጠነቅቃል፤ ሲቀንስ አቀጣጠሉ ይዛባል። ከላይኛው ጣሪያ ሥር ብቻ የሚሠራ ባሩድ በምንም መንገድ ሁለገብ አይባልም። ብሉ ዶት የሚባለውን ደግሞ አሊያንት ራሱ በ2008 ባወጣው ማሳሰቢያ በ.41 ማግነም ጨርሶ፣ በ.357 ማግነም ከ125 ግሬን አረር ጋር እንዳይጠቀሙበት ከልክሏል። አሮጌ መጽሐፍ ላይ ያለ መጠን ዛሬም ይሠራል ብሎ ማመን የማይገባው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ለረጅም ጠመንጃ

እዚህ ላይ ወሬው ከ4895 ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ እግረኛ ወታደር የያዘው ጋራንድ ጠመንጃ የሚተኩሰው 30-06 ጥይት የሚሞላው በዚህ ባሩድ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት እጅ ላይ ተራራ የሚያህል ባሩድ ቀረ። የካንሳሱ ብሩስ ሆጅደን በሕይወት መድን ዋስትና ገንዘብ ተበድሮ 50,000 ፓውንድ ገዛ። የሚያስቀምጥበት መጋዘን ስላልነበረው አሮጌ የባቡር ፉርጎ አምጥቶ ግጦሽ መሬት ላይ አቁሞ እዚያ ከተተው። ከዚያም ቤታቸው ጥይት ለሚሞሉ ሰዎች እየቸረቸረ ይሸጥ ጀመር። የዛሬው የሆጅደን ኩባንያ የበቀለው ከዚያ ፉርጎ ነው። የመንግሥቱ ትርፍ ሲያልቅ ባሩዱ ኤች 4895 ተብሎ እንደገና እየተሠራ መሸጡን ቀጠለ።

ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ ሁለገብ ያደረገውም ይኸው ነው። ከትንሹ .223 ጀምሮ በ.308 አልፎ እስከ 30-06 ድረስ በሚገባ ያገለግላል። ከዚያ በላይ ግን ሌሎች የሌላቸው ጠባይ አለው፤ ሲቀነስ አይኮርፍም። ሆጅደን ለኤች 4895 ብቻ በጻፈው ደንብ ከታተመው ከፍተኛ መጠን ወደ 60 በመቶ ድረስ ዝቅ ማድረግ ይቻላል ይላል። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዒላማ ሜዳ የሚወስድ አባት የአባቱን ትልቅ ጠመንጃ ትከሻ በማይመታ ጥይት ሊያስተኩሰው የሚችለው በዚህ ነው። ደንቡ ወደ ሌላ ባሩድ አይሻገርም፤ ዘገምተኛ ባሩድን እንዲህ መቀነስ አደጋ እንደሆነ ይኸው ኩባንያ ይናገራል።

ቫርጌት በ1990ዎቹ አጋማሽ መጣና ብዙ ተከታይ አፈራ። እንደ ኤች 4895ና ኤች 4350 ሁሉ የሚሠራው አውስትራሊያ ውስጥ ሙልዋላ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ሙቀትና ብርድ ብዙም እንዳይለውጠው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ይህ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። በሐምሌ ቴክሳስ ፀሐይ ላይ ጠመንጃውን አስተካክሎ በኅዳር ዋዮሚንግ በረዶ ላይ ለአደን የሚወጣ ሰው አለ፤ ባሩዱ ለአየር ጠባይ የሚሸነፍ ከሆነ ጥይቱ በሙቀት ግፊቱ ይንራል፣ በብርድ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይመታል። በአንድ አገር፣ በአንድ ወቅት፣ መቶ ሜትር ላይ ለሚተኩስ ሰው ግን ይህ ጸጋ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፈልበት አይመስለኝም።

የአዳኙ ባሩድ 4350 ነው። ለ.243፣ ለ.270፣ ለ30-06፣ በ2007 ለወጣውና ዛሬ ሁሉም ለያዘው 6.5 ክሪድሙርም ይስማማል። ኤች 4350 ከሱቅ ቶሎ የሚያልቀው ክሪድሙር ተወዳጅ ስለሆነ ነው። ጠመንጃው .270 ወይም ክሪድሙር ብቻ የሆነ ሰው ስለ 4895 የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ይህን ቢገዛ ትክክል ነው። .223 እና .308 ያለው ሰው ደግሞ ከኤች 4895 ወይም ከቫርጌት አንዱን ይያዝ። ሁለቱንም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዒላማ ላይ ለይቶ የሚያሳይ ተኳሽ ብዙ አይደለም።

የእነዚህ ሁሉ የጋራ እንከን ቅርጻቸው ነው። እንጨት መሳይ ቅንጣት መስፈሪያው ውስጥ በሚዞረው በርሜል ጠርዝ ላይ ይጋደማል፤ እጀታው ሲወርድ «ቀጭ» ብሎ ሲቆረጥ በእጅም በጆሮም ይሰማል፤ መጠኑም ይዛነፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጥቂት አሳንሶ ይቀዳና ቀሪውን ሚዛን ላይ በጥንቃቄ እያንጠባጠበ ያሟላል። ለአደን ሃያ ጥይት ለሚሞላ ሰው ችግር የለውም። በሳምንት ሁለት መቶ የ.223 ጥይት ለሚተኩስ ሰው ግን ዕድሜ ይበላል። ለእሱ የሚሻለው ሉል መሳይ ባሩድ ነው፤ ዊንቸስተር 748፣ ራምሾት ታክ፣ ሲኤፍኢ 223 የሚባሉት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፍሬድ ኦልሰን በዌስተርን ካርትሪጅ ኩባንያ የፈለሰፈው ይህ ዓይነት ባሩድ መስፈሪያው ውስጥ እንደ ጤፍ ይወርዳል። ብዙዎቹ ግን በሙቀትና በብርድ ይለዋወጣሉ። ይህን ያወቀ ሰው የክረምቱንና የበጋውን ልዩነት ራሱ ፈትኖ ይመዘግባል።

የስም ወጥመድ

በጀማሪ ላይ ከሁሉ የከፋው ችግር የሚመጣው ከስያሜው ነው። አይ ኤም አር 4350 አለ፤ ኤች 4350 አለ፤ አኩሬት 4350 የሚባልም አለ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ባሩዱ ሦስት ነው። 4895ም፣ 4831ም እንዲሁ መንታ ናቸው። የአይ ኤም አሩ 4831 ከኤች 4831 ይፈጥናል፤ ለዘገምተኛው የታተመውን ከፍተኛ መጠን በፈጣኑ ቢሞሉት ግፊቱ ከልኩ ያልፋል። «4831 ስጠኝ» ብሎ ጠይቆ የተሰጠውን ይዞ መሄድ አይገባም፤ ፊደሉም ከቁጥሩ እኩል ይነበባል።

ግልባጩም አለ። ኤችፒ 38 እና ዊንቸስተር 231 አንድ ባሩድ ናቸው። ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296ም፣ ኤች 414 እና ዊንቸስተር 760ም እንደዚሁ። ሆጅደን ከ2006 ጀምሮ የዊንቸስተርን ባሩዶች ስለሚሸጥ ይህን አልደበቀም። ለገዢ ይህ ወርቅ የሆነ እውቀት ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሊገኝ ይችላል፣ አንዳንዴም በዋጋ ይለያያሉ። ሆኖም መጠኑን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ስም ሥር መፈለግ ይሻላል።

ሲጠፋ

ባሩድ የሚጠፋ ነገር ነው። በታኅሣሥ 2012 ኒውታውን ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ሕግ ይጠብቃል የሚል ፍርሃት ሰውን ሁሉ ወደ ሱቅ አስሮጠና መደርደሪያው ለወራት ባዶ ሆነ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ደገመው። የዩክሬን ጦርነት ደግሞ ናይትሮሴሉሎሱን ወደ መድፍ ጥይት ፋብሪካዎች ሳበው፤ በ2024 አሊያንት ለችርቻሮ የሚሆነውን ባሩድ መላክ ለጊዜው ማቆሙን አስታወቀ። ያ ሁሉ የዩኒክ ውዳሴ በአንድ ደብዳቤ ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ከዚህ የተነሣ ምርጫው የኬሚስትሪ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ምርጫ ከአንድ ፋብሪካ ሲሆን ተለዋጩ ከሌላ ፋብሪካ፣ ቢቻልም ከሌላ አህጉር ቢሆን ይመረጣል። ቫርጌት ከአውስትራሊያ ሲጠፋ የስዊድኑ ሬሎደር 15 ወይም የፊንላንዱ ቪታቩኦሪ ኤን 140 ሊገኝ ይችላል፤ ሁሉም በፍጥነት ሠንጠረዡ ላይ ተቀራራቢ ናቸው። ሠንጠረዡ ግን ቅደም ተከተል እንጂ መጠን አይናገርም። 80ኛ ላይ ያለውን ባሩድ በ81ኛው ተክቶ ያንኑ ክብደት መሙላት ሰው የተጎዳበት ስህተት ነው። ለተለዋጩም ለራሱ ከታተመው መነሻ መጠን ተነሥቶ አዲስ ሙከራ ይደረጋል።

በፖስታ የሚያዝዝ ሰው በዕቃው ላይ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያ ይጨመርበታል፤ ክፍያው በሣጥን ስለሆነ ለአንድ ጠርሙስ ብቻ መክፈል አያዋጣም። ጓደኛሞች ተሰብስበው ባሩዱንም ካፕሱሉንም አብረው ማዘዛቸው የተለመደ ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ገደብ አለ፤ በአሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የእሳት አደጋ ደንብ ኤንኤፍፒኤ 495 በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በራሱ ዕቃ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ፣ እስከ 50 ፓውንድ፣ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ኢንች ውፍረት ባለው የእንጨት ሣጥን መሆን አለበት። ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ የብረት ካዝና የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። እሳት ቢነሣ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ካዝናው ራሱ ቦምብ ይሆናል። የአምራቹ ጠርሙስ ስስ የሆነው ቶሎ እንዲከፈት ነው።

ሥራ ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጠርሙስ በላይ አይቀመጥም። ከመስፈሪያው የተረፈው ወደ መጣበት ጠርሙስ ይመለሳል፤ የየትኛው እንደሆነ ጥርጥር ከገባ ይጣላል። ከሟች ጎረቤት ጋራዥ የተገኘ፣ ወረቀቱ የተላጠ ቆርቆሮም እንዲሁ፤ ነፃ ባሩድ ውድ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚኮመጥጥና የሚያቃጥል ሽታ ካለው ወይም ቀይ ቡናማ ጭጋግ ከታየ መበላሸቱ ነው፤ ቤት ውስጥ መቆየት የለበትም።

ለጀማሪ የምሰጠው የግዢ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ መጽሐፉን ይግዛ፤ ከዚያ ለያዘው ጥይት በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመላለሱትን ሦስት ባሩዶች ጽፎ ወደ ሱቅ ይሂድ፤ ከሦስቱ ያገኘውን አንድ ፓውንድ ይግዛ። ጠመንጃው ከወደደው ወደ 8 ፓውንዱ ማሰሮ ይሸጋገር፤ በፓውንድ ሲሰላ ይረክሳል፣ ሁሉም ከአንድ ምርት ስለሆነ ጠባዩ አይለዋወጥም። በማሰሮው ላይ የምርት ቁጥር አለ። ያ ማሰሮ አልቆ ሌላ ቁጥር ያለው ሲከፈት፣ ስሙ ያው ቢሆንም በጥቂቱ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ስለሚችል፣ ጣሪያ ላይ የነበረው መጠን ወደ ታች ወርዶ እንደገና ደረጃ በደረጃ ይፈተናል።